ባለ ሁለት ዓይን ሸለቆ

አንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ገዢ አንድ ሠዓሊ ነበረው። ገዢው የሰው አገር በጠመንጃ ይይዛል፤ ሠዓሊው ደግሞ የተያዘውን አገር በዘይት ቀለም ይሥላል። ተራራ ተያዘ ሲባል ተራራውን፣ ድልድይ ተሠራ ሲባል ድልድዩን። የሠዓሊው ስም ኮራዶ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ ልቡ ግን የፈሪ ልብ ነበረች። «ይህን ጨምር» ሲሉት ይጨምራል፣ «ያንን አጥፋ» ሲሉት ያጠፋል። ዶፍ በሚወርድበት ቀን እንኳ ገዢው ከፈለገ ሰማዩን ያጠራለት ነበር።

አንድ ቀን ገዢው አስጠራውና ካርታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እንሶስላ የሚባለውን ሸለቆ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ ጌታዬ። ለምለም ነው። ሰውም ሞልቶበታል።»

«ሰፊ፣ ለምለም፣ ባዶ አድርገህ ሣልልኝ። ሥዕሉ ወደ አገራችን ይላካል። መሬት የሌላቸው ገበሬዎቻችን አይተውት ይመዘገባሉ። ከዚያ መርከብ ተሳፍረው ይመጡና ይሰፍሩበታል።»

«በሸለቆው ያሉት ሰዎችስ?»

«ወደ በረሃው ይወርዳሉ» አለ ገዢው፣ ወንበር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያዛውር ያህል ቀልሎት። «ግን ጭራሽ ባዶ አታድርገው፤ ጭው ያለ አገር ያስፈራል። ለዓይን ያህል ሁለት ሦስት ሰው ጣል አድርግበት። ጎንበስ ብለው የሚሠሩ፣ መልካቸው የማይለይ። ያገራችን ሰው ሲያየው መሬትም አለ ሠራተኛም አለ ይበል። ይህን ከጨረስክ አንተም አገርህ ትገባለህ።»

«አገርህ ትገባለህ» የምትለዋ ቃል የኮራዶን አፍ ዘጋችው። አገሩን ካየ ብዙ ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሸምግላለች፤ የሰፈሩ ደወል በጆሮው ያቃጭልበታል። እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ሸራውን፣ ቀለሙንና ሸራ የሚያቆምበትን ባለ ሦስት እግር እንጨት በበቅሎ ጭኖም ወደ እንሶስላ ወረደ።

የእንሶስላ ሰዎች እንግዳ ሲያዩ መጀመሪያ ያበሉታል፣ ከየት መጣህ የሚሉት በኋላ ነው። ኮራዶንም እንዲሁ ተቀበሉት። ከትልቁ ሾላ ሥር ቦታ ሰጡት፤ ሸለቆው ወለል ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው። በአገሬው ቋንቋ እየተኮላተፈ ስለሚናገር ልጅ አዋቂው ሊያዋራው ይመጣል፤ የባሕር ማዶ ሰው እንደሚጠሩበት «ሙሴ» ብለው ጠሩት። አያ ደምለው የሚባል ደግ ገበሬ በየማለዳው የላሙን እርጎ ይዞለት ይመጣል። ኮራዶም እርጎውን ይጠጣና ሸራውን ወደ ራሱ አዙሮ ይሥላል። አሳየን ሲሉት «ሳያልቅ አይታይም» ይላቸዋል። እነርሱም «እውነቱን ነው፤ ያልበሰለ ወጥ አይወጣም» ብለው ይተዉታል።

በመንገድ በቅሎዋ ስትደናቀፍ ቀለም የሚያቀጥንበት ዘይት ጠርሙሱ ተሰብሮ ፈስሶበት ነበርና ሥራው ሳይጋመስ ዘይት አለቀበት። ከሾላው ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ወይዘሮ ደብሪቱ መጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ ቤቷ ከሾላው በታች ያለ፣ ምላሷ የተሳለ፣ የሸለቆው ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚስቅላት ባልቴት ነች።

«ምን ሆንክ ልጄ? ሰው ሞተብህ?»

«ዘይት አለቀብኝ እማማ።»

«የምን ዘይት ነው ሰው እንዲህ የሚያስተክዝ?»

«የተልባ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ተልባ! እኛ በጾም የምንጠጣውን አንተ ሸራ ልታጠጣው ነው? እስቲ ይጾም እንግዲህ!» አለችና ከጎተራዋ ተልባ ዘግና ወቀጠች፤ ዘይቱን በጨርቅ ጨምቃ በቅል አመጣችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንሶስላ ሰማይም፣ ወንዙም፣ ተራራውም የተሣለው በደብሪቱ ተልባ ነው።

ሥዕሉ እያማረ ሄደ። ኮራዶ ግን እንደታዘዘው ነበር የሚሠራው። ቤቶቹ ባሉበት ቦታ ሣር አበቀለ። ማሳው ባለበት ሜዳ ዘረጋ። የደብሪቱን ጎጆ በአንድ ጥዋት ሥራ ቁጥቋጦ አደረገው። በመጨረሻ ሦስት ሰው ጣል አደረገ፤ ሁለቱ ጎንበስ ብለው የሚያርሙ፣ አንዱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ። የሚያርሰው አያ ደምለው ነበር፤ በጎኑ ታይቶ፣ ወደ ትልሙ አቀርቅሮ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ኮራዶ ከሾላው ጥላ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ወይዘሮ ደብሪቱ የዘይት ቅሏን ይዛ ስትመጣ ሸራው ያለ ጠባቂ ቆሟል። ሴት ልጅ ናትና ዞራ አየች። ከዚያ ጩኸቷ ሸለቆውን ናጠው።

«ኧረ ድረሱልኝ! ደምለውን ሰይጣን አድርጎታል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንሶስላ ሰዎች ዘንድ ሥዕል ማለት የቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕል ነው፤ ያም ሥዕል ሥርዓት አለው። ጻድቅ የሆነ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣን፣ ከሐዲና ጨካኝ ግን በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ታዲያ እርጎ እያመጣ ያጠጣው አያ ደምለው፣ ዝንብ እንኳ የማይገድለው ደምለው፣ በአንድ ዓይን ተሥሎ ተገኘ።

ሰው ከየማሳው ሮጦ መጣ። ኮራዶ ከእንቅልፉ ሲባንን ዙሪያውን ተከቧል። አያ ደምለው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሥዕሉን አይቶ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ምን በደልኩህ ሙሴ?» አለ። «ወይስ ሆዴን አይተህ ነው? እግዜር ገልጦልህ ነው? ... እንግዲህ ከታወቀብኝ ልናገር። ያች የድንበሯ ነገር ናት። አምና ከፈንታ ማሳ አንዲት ትልም ገፋ አድርጌያለሁ።»

«ለካ አንተ ኖረሃል!» አለ ጎረቤቱ ፈንታ ከሕዝቡ መሐል። «እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ፍልፈልን ስረግም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ደምለው ግን እንባው ወረደ። ይህ ከአንድ ሽማግሌ በላይ የሆነ ነገር ነው ተባለና አለቃ ወልደ ሩፋኤል ተጠሩ። አለቃ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሣሉ፣ በእጃቸው ሥራ የሚመኩ፣ «የእኔ ገብርኤል ሊናገር ምንም አይቀረው» የሚሉ ሰው ናቸው። መጡና ሸራውን በቅርብ አዩት፣ አሸተቱት፣ ራቅ ብለውም አዩት።

«እጁስ እጅ ነው» አሉ በግድ። «ውኃው ይፈስሳል። ግን ና እስቲ ንገረኝ፣ የደምለው ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?»

«በዚያኛው በኩል ነው አለቃ። አለ፤ አይታይም እንጂ።»

«ካለ ለምን አይታይም?»

«እኔ ከቆምኩበት አይታይማ።»

«ታዲያ ደምለው ምን አጠፋ?» አሉ አለቃ። «ጥፋተኛው አንተ የቆምክበት ቦታ ነዋ!»

ኮራዶ ብዙ የሥዕል ትምህርት ተምሯል፤ ይህችን ግን ማንም አላስተማረውም። ብሩሹን አነሳና የደምለውን ፊት ወደ ተመልካቹ አዞረው። ሁለት ዓይን ሠራለት፤ ትንንሽ፣ ግን ጥርት ያሉ። ደምለው ቀና ብሎ አየ፤ ራሱ ከሸራው ውስጥ አየው። «እኔ ነኝ!» አለ። «እዩኝ፣ እኔ ነኝ!» ያገኘውን ሁሉ አቀፈ፤ ጎረቤቱን ፈንታን ሳይቀር ስሞ «ትልሟን ነገ እመልሳለሁ» አለው።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎት ኮራዶ ሊቀመጥ ሲል ወይዘሮ ደብሪቱ ፊቱ ቆመች።

«ደምለውስ ቢያንስ አንድ ዓይን ነበረው» አለች። «እኔ አንድም የለኝ። ቤቴ የነበረበት ቦታ ቁጥቋጦ በቅሏል። መቼ ነው የሞትኩት ልጄ? ተዝካሬንስ ማን በላው?»

ሰው ሳቀ። ኮራዶ ግን ብሩሹን መጠራረግ ያዘ።

«ይህ ሥዕል የት ነው የሚሄደው?» አለችው።

«ወደ እኔ አገር።»

«ሰዎቻችሁ ያዩናል?»

«ያያሉ።»

«እንግዲያስ በሬን ከፍተህ ሣለኝ። እንግዳ ሲመጣ በሯን የምትዘጋ ሴት ናት እንዳይሉኝ።»

ያን ቀን ኮራዶ እህል አልቀመሰም። እናቱን አሰበ፤ የሰፈሩን ደወል አሰበ። ከዚያ ወደ ደብሪቱ ቤት ቁልቁል አየ፤ በሩ እንደ ሁልጊዜው ክፍት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያጠፋቸውን ነገሮች አሰበ፤ ለመሆኑ ስንት ቤት ቁጥቋጦ አድርጓል? አፈረ።  ብድግ አለና አለቃ ወልደ ሩፋኤልን ፍለጋ ሄደ።

አለቃ ቀለም ሲበጠብጡ አገኛቸውና አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሥዕሉ የተፈለገው ሸለቆው ባዶ ነው ለማለት መሆኑን፣ የሚመዘገቡት ሰዎች መርከብ ላይ እንደሚወጡ፣ የእንሶስላ ሰው ወደ በረሃ እንደሚወርድ። አለቃ የሚበጠብጡትን ቀለም ወደ ጎን አስቀመጡ።

«ይህን ስታውቅ እርጎውን ጠጣኸው?» አሉ።

«ጠጣሁት።»

«በል ተነሥ፤ ላጠጡህ ሰዎች ራስህ ንገራቸው።»

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሕዝቡ ተሰብስቦ ሰማ።  አያ ደምለው ከንፈሩን መጠጠ። «ምን እናደርጋለን? ጠመንጃ አላቸው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ።»

«አንተ ተልባ ወቅጠህ አታውቅም፤ ስለ ተልባ አታውራ!» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ። «ተልባ ሲወቀጥ ዘይት ይወጣዋል። ዘይቴ በእሱ ሸራ ላይ አለ። ሙሴ፣ ሥዕሉ አልሄደም አይደል?»

«አልሄደም።»

«ቀለም አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያስ ሁላችንንም አስገባን። ዓይናችንንም ተለቅ ተለቅ አድርገው!»

«በርሽንስ?» አላት ኮራዶ። «አሁንም ክፍት ይሁን?»

«ክፍት ይሁን። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ልቁም። ክፍት በር ያየ ሁሉ ባለቤቷንም ይያት።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሾላው ሥር ሠርግ ያለ ይመስል ነበር። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ መጣ። ኮራዶ «የሚያርስ ሰው እኮ ወደ ትልሙ ነው የሚያየው» ቢል አያ ደምለው «ለአንድ ቀን በሬዎቹ ያዩልኛል» አለው። «በሬዎቼስ ምን አጠፉ?» ስላለም በሬዎቹም ሁለት ሁለት ዓይን ተሰጣቸው። ውኃ የምትቀዳ ሴት ወደ ተመልካቹ እያየች ትቀዳለች። የሚወቃ ወደ ተመልካቹ እያየ ይወቃል። የፈንታ ተናካሽ ውሻ ብቻ በሕዝቡ ሙሉ ስምምነት በአንድ ዓይን እንዲቀር ተፈረደበት። ሣር የነበረው ቦታ ቤት ሆነ፤ ሜዳው በማሳ ተሞላ። አለቃ ወልደ ሩፋኤልም ሲቆሙ ሲቀመጡ «ይችን ቅንድብ ጠቆር፣ ይችን ጠቆር» እያሉ አላስቀመጥ አሉት፤ ኮራዶም ጠቆር ያደርጋል። በሕይወቱ እንዲህ እየሳቀ ሥሎ አያውቅም።

ሁሉም ገብቶ ሲያበቃ አለቃ ጠየቁት። «አንተስ? የሾላው ጥላ ባዶ ነው።»

«እኔ ምኑን ከምኑ አድርጌ ልግባ?» አለ ኮራዶ። «አንድ ዓይን ልሁን እንዳልል እናንተን ወድጃለሁ። ሁለት ዓይን እንዳልል በምን ሥራዬ?»

«እንግዲያስ ጀርባህን ስጠን» አሉ አለቃ። «እስኪለይልህ ድረስ።»

ኮራዶም ራሱን ሾላው ሥር ሣለ፤ ትንሽ ሰውዬ፣ ሸራው ፊት የተቀመጠ፣ ጀርባውን ለተመልካቹ የሰጠ።

ገዢው ሥዕሉን ሊያይ የመጣው በበቅሎ ነው፤ ከኋላው ሹማምንቱና ወታደሮቹ ተከትለዋል። የእንሶስላ ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ተሰልፈዋል። ኮራዶ ሸራው አጠገብ ቆሟል። ገዢው ሥዕሉን ባየ ቅጽበት ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ኮራዶ ወደ እስር ቤት፣ የሸለቆው ሰው ወደ በረሃ። ወይዘሮ ደብሪቱ እንኳ ዛሬ ቀልድ አልመጣላትም፤ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

ገዢው ከበቅሎው አልወረደም። ሲያይም ከላይ፣ ሲናገርም ከላይ ነው። መነጽር ማድረግ ክብሩን የሚቀንስ ስለሚመስለው ሩቁንም ቅርቡንም በግምት ያያል። ሸራውን እንደ ነገሩ ቃኘው። አረንጓዴ አለ፤ ውኃ አለ፤ ሰማይ አለ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። 

«እኔስ?» አለ ገዢው። «እኔ የታለሁ?»

ኮራዶ መጀመሪያ አልገባውም። «እርስዎ ... ጌታዬ?»

«ይህን ሸለቆ የያዝኩት እኔ አይደለሁም? ያገሬ ሰው መሬቱን አይቶ እኔን ሳያይ ሊቀር ነው? አሁኑኑ አስገባኝ። ደግሞ በጎኔ ይሁን፣ ብር ላይ እንዳሉት ነገሥታት። አፍንጫዬ በጎን ነው የሚያምረው።»

ኮራዶ የሚሰማውን ማመን አቃተው። ዘወር ብሎ አለቃን አያቸው፤ አለቃ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«በደስታ ጌታዬ!» አለ ኮራዶ፤ ለገዢው ከልቡ ሲታዘዝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከሸራው ዳር ላይ ቦታ መረጠለትና ሣለው። በቅሎው ላይ ኮራ ብሎ፣ በጎኑ፣ በአንዲት ዓይን።

ሥዕሉ ወደ ሕዝቡ ሲዞር ወይዘሮ ደብሪቱ እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታው ከዳር እስከ ዳር ተቀባበለ፤ አያ ደምለው በሳቅ ሆዱን ይዞ ሾላው ላይ ተደገፈ። ገዢው ደንግጦ «ምን ሆነው ነው?» አለ።

«ልክ እርስዎን መስሏል ነው የሚሉት ጌታዬ» አለ ኮራዶ።

ገዢው ደስ አለው። ባርኔጣውን አንሥቶ ሕዝቡን እጅ ነሣ፤ ሕዝቡም እልልታውን ደገመለት። አንድ ሹም ሸራው ላይ የተደረደሩትን ዓይኖች አየና አፉን ሊከፍት ብሎ ገዢውን አየ፤ ጌታው ሲስቅ አየና አፉን ገጠመ። ሰው በሥዕል ውስጥ ራሱን ካገኘ በኋላ ሌላውን ለማየት ጊዜ የለውም። «መልካም ነው፤ ጫኑት!» አለ ገዢው። ሥዕሉም በሣጥን ታሽጎ ባሕር ተሻገረ።

በዚያ ማዶ የሆነውን ኋላ መርከበኞች ናቸው ያወሩት። ሥዕሉ በትልቅ አዳራሽ ተሰቀለ፤ ከሥሩ መዝጋቢ ተቀመጠ። መሬት የሌላቸው ገበሬዎች ከየተራራው መጥተው ተሰለፉ። አንዱ፣ እጁ በሥራ ብዛት እንደ ሥር የተጠማዘዘ፣ ከመፈረሙ በፊት መሬቱን ልይ ብሎ ወደ ሸራው ተጠጋ። የሚያርስ ሰው አየ፤ የሚያርሰውም ሰው አየው።

«ይህ ማነው?» አለ።

«ማንም አይደለም» አለ መዝጋቢው። «ገበሬ ነው።»

«እኔም እኮ ገበሬ ነኝ» አለ ሰውዬው።

ቆይቶ ቆይቶ ቆቡን አወለቀ፤ ለደምለው እጅ እንደ መንሣት ብሎ ሳይፈርም ወጣ። ከኋላው የነበረችው ሴት ደግሞ ክፍት በር ላይ የቆመች ባልቴት አየች። «ግቢ የምትለኝ ነው የሚመስለው» አለች። «በዚህ በር የምገባው በእንግድነት እንጂ በሌላ አይሆንልኝም።» እርሷም ወጣች። እንዲህ እያሉ ሌሎቹም ወጡ። መሬት ሊያዩ የመጡ ሁሉ በሰው ታይተው ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደ ሸራው ዳር ጠቁሞ «ሁሉም ሲያዩን ይህ ባለ በቅሎ የማያየን ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። 

መዝጋቢው አንድም ሰው ሳይመዘግብ ቀረ። «ይህ አገር ባለቤት አለው» የሚል ወሬ ከመንደር መንደር ስለሄደ ሌላ ሥዕል ቢሰቀልም የሚያምን አልተገኘም። ዕቅዱ ተተወ፤ ሥዕሉ ተመለሰ፤ ገዢውም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ታዘዘ። ገዢው በንዴት ኮራዶን አስጠርቶ መነጽሩን አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሉን በቅርብ አየው። ሸለቆው ሙሉ በሁለት ዓይኑ አፈጠጠበት። ገዢው ወደ ኋላ አለ።

«ባዶ አድርግ አላልኩህም?»

«ብለውኛል ጌታዬ። ከዚያ መጥተው አይተው መልካም ነው አሉ።»

ገዢው ሊጮህ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ሸራው ዳር ላይ አረፈ። ቁጣው በረድ አለ። «እኔ ግን ... እዚህች ጋ ደህና ነኝ አይደል?»

«ልክ ራስዎን ነዎት ጌታዬ።»

«መቀስ አምጡ» አለ ገዢው። «ይህችን ቁረጡልኝ። ሌላውን ወደምትፈልጉት ጣሉት።»

እንዲህ ሆኖ ገዢው ራሱን በገዛ ትእዛዙ ከሸለቆው አስቆርጦ፣ በብብቱ ይዞ፣ ደስ ብሎት ሄደ። የሰማነው እውነት ከሆነ በቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት እስኪሞት ይኮራበት ነበር።

ኮራዶም የተረፈውን ሸራ ጠቅልሎ ወደ እንሶስላ ወረደ። የአቀባበሉን ነገር ተዉት። ወይዘሮ ደብሪቱ የተቆረጠውን ቦታ በአቡጀዲ ጣፈችው። «እዚህ ላይ ምን ልሣል?» ሲላት «ተልባ» አለችው፤ ሰማያዊ አበባው የፈካ የተልባ ማሳ ሣለበት፤ እስከ ዛሬም ከሥዕሉ ሁሉ ያ ቦታ ያምራል። ሲጨርስ ብሩሹን ሊያጥብ ብድግ አለ። አለቃ ወልደ ሩፋኤል ክንዱን ያዙት።

«ወዴት? አንድ ሰው ጀርባውን እንደሰጠን ነው።»

ኮራዶ ሾላው ሥር የተቀመጠችውን ትንሽ ጀርባ አየ።  «ይገባኛል ትላላችሁ?»

«እኛ አይደለንም የምንሥለው» አለ አያ ደምለው። «ከዚህ ከቆምክበት ሆነህ እየው። ሁለቱም ዓይኑ ይታያል።»

ኮራዶ እያለቀሰም እየሳቀም ራሱን አዞረ። ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። አያ ደምለው እርጎ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ይኸኛውን ኮራዶ ያለ እፍረት ጠጣው። አገሩ ለመግባት አሁን የሚከለክለው አልነበረም፤ ሄዶም እናቱን አይቶ፣ የሰፈሩን ደወል ሰምቶ ተመለሰ። «ለምን መጣህ?» ሲሉት «የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ልይ ብዬ» አላቸው። በየዓመቱም ሸራውን በጣቱ ነካ ያደርግና «ገና ነው» ይላል። እንዲህ እያለ አረጀ።

ምሳሌው ይህን ይነግረናል። ባዶ ነው የሚባል አገር ብዙ ጊዜ ሰው የሌለበት ሳይሆን ሰዎቹን ቀርቦ ያያቸው የሌለ አገር ነው። ሰውን በጎኑ ብቻ አይተን አንድ ዓይና ነው የምንለው፣ ሌላው ዓይኑ ጠፍቶ ሳይሆን እኛ የቆምንበት ቦታ ጠማማ ሆኖ ነው። ቦታችንን ትንሽ ብንለውጥ ያየነው ሰው ያየናል፤ ያየንን ሰው ደግሞ ከቤቱ ማስወጣት ይከብዳል። በሥዕሉ ውስጥ ራሱን ብቻ የሚፈልግ ግን ማንም ሳይነካው በገዛ መቀሱ ተቆርጦ ይወጣል።

እናንተስ ዛሬ ከቤት ወጥታችሁ ያያችሁትን ሰው በስንት ዓይን ሣላችሁት?